«በቃ!» የሚለው ፈተና

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ገና ሃሎ ሳልላት ጀመረችው።

«ጠፋብኝ!»

«ምኑ?»

«ኮምፒውተሩ! 70ኛው ጥያቄ ላይ ነበርኩ። መልሱን ስጫን ፈተናው አልቋል ብሎ ዝም አለ። እስከ 120 ጥያቄ ይሄዳል ተብዬ ነበር እኮ የገባሁት። በቃ፣ ወድቄያለሁ።»

ልጅቷ ቀን ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትሠራለች፣ ማታ ማታ ደግሞ ለወራት የአምቡላንስ ሠራተኛነት ኮርስ ስትከታተል ነበር። እዚያ አገር ኢኤምቲ ይሏቸዋል፤ አደጋ ሲደርስ ቀድመው የሚመጡት፣ ደም የሚያቆሙት፣ ኦክስጅን የሚሰጡት፣ የቆመ ልብ በእጃቸው የሚጫኑት ባለሙያዎች ናቸው። ኮርሱን መጨረስ ብቻውን አያሠራም። ብሔራዊውን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። እሷም የሄደችው ለዚያ ነበር።

እናቷ፣ ማለትም አክስቴ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስለው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ደወሉልኝ። «አንቺ ልጅ፣ ጋዜጠኛ ነኝ አይደል የምትዪው? እስቲ ንገሪኝ፣ ፈተና እንዴት በመሃል ይቋረጣል? አሜሪካም መብራት ይሄዳል እንዴ?»

እውነቱን ልናገርና እኔ ጋዜጠኝነት የተማርኩት ከሒሳብ ለመሸሽ ነበር። የአክስቴን ጥያቄ ለመመለስ ስቆፍር ግን ሒሳቡ ዞሮ ያዘኝ። ከሒሳቡ በፊት ደግሞ አንድ አስከሬን መጫኛ መኪና ጠበቀኝ። ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጨዋታ ስለዚህ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀባሪው ሲመጣ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ አሜሪካዊ መንገድ ላይ መኪናው ቢገለበጥበት ማን ነበር የሚደርስለት? ምናልባት ፖሊስ፣ ምናልባት እሳት አደጋ። ብዙ ቦታ ግን የሚመጣው ቀብር አስፈጻሚው ነበር። ቀልዴን አይደለም። በ1966 የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በመላ አገሪቱ ካለው የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉን ይሰጡ የነበሩት 12,000 ያህል ቀብር አስፈጻሚዎች ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው አጋድሞ ለመጫን የሚበቃ ረጅም መኪና የነበራቸው እነሱ ነበሩ። እንግዲህ አስቡት፤ በሽተኛው ቢድንም ባይድንም ደንበኛ ነው።

ያ ሪፖርት ርዕሱን በግርድፉ ብንመልሰው «በአደጋ መሞትና አካል መጉደል፦ ዘመናዊው ኅብረተሰብ ችላ ያለው በሽታ» ይላል። በ1965 ብቻ 52 ሚሊዮን የአደጋ ጉዳት እንደደረሰ፣ 107,000 ሰው እንደሞተ፣ 400,000 ሰው ደግሞ ለዘለቄታው አካሉ እንደጎደለ ቆጥሯል። ከሁሉም የሚከነክነው ግን፣ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ከከተማ ጎዳና ይልቅ ጦር ሜዳ ላይ ቢሆን የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ ነው ብለው የሚያምኑ አዋቂዎች መኖራቸውን መጻፉ ነው። ወታደሩ ዘንድ የሠለጠነ ሰው ይደርሳል። ከተማ ውስጥ የሚደርሰው ሰው ምን እንደሚያውቅ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። የታመመ ሰው ሐኪም ሊያማርጥ ይችላል። አስፋልት ላይ የወደቀ ሰው ግን የመጣለትን መቀበል ነው ያለው። «ለመሆኑ የት ተማርክ?» ብሎ አይጠይቅም። እሱን ወክሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሌላ አካል ያስፈልጋል።

የፒትስበርግ ልጆች

ፈተናው ከመምጣቱ በፊት ግን ትምህርቱ መጣ። ትምህርቱ ሥር ከያዘባቸው ቦታዎች አንዷ ደግሞ ፒትስበርግ ውስጥ ያለች ሂል የተባለች የጥቁሮች ሰፈር ናት።

ፒተር ሳፋር ከኦስትሪያ የመጣ ሐኪም ነው። የአፍ ለአፍ ትንፋሽንና ደረት መጫንን አጣምረው ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን የነፍስ አድን ዘዴ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነው። በ1966 የ11 ዓመት ልጁ በአስም ሞተችበት። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የቀድሞው የፔንስልቬንያ ገዥ ዴቪድ ሎውረንስ በፒትስበርግ መድረክ ላይ ወድቀው በፖሊስ መኪና ተጭነው ሆስፒታል ገቡ፤ ከቀናት በኋላም አረፉ። ሳፋር ከ1967 ጀምሮ ከፍሪደም ሃውስ ጋር ሆኖ፣ አብዛኞቹ ሥራ ያልነበራቸውን የሰፈሩን ጥቁር ወጣቶች 300 ሰዓት በሚፈጅ ትምህርት አሠለጠነ። ሁለተኛ ደረጃን ያላጠናቀቁም ነበሩባቸው። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5,800 የሚጠጉ ጥሪዎችን ተቀበሉ። ሳፋር በሰበሰበው መረጃ መሠረት 200 ያህል ሰው አትርፈዋል።

በኋላ የሕክምና ኃላፊያቸው የሆነችው ናንሲ ካሮላይን ከእነሱ ጋር የሠራችውን መሠረት አድርጋ ለመላ አገሪቱ ፓራሜዲኮች የመጀመሪያውን ሥርዓተ ትምህርት ጻፈች። (በነገራችን ላይ፣ ይህች ሴት በ1980ዎቹ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥታ በእኛም አገር በረሃቡ ዘመን በእርዳታ ሥራ ላይ ተሠማርታ ነበር።)

መጨረሻው ግን አያስደስትም። በ1975 የፒትስበርግ ከተማ የራሱን አምቡላንስ አቋቁሞ ፍሪደም ሃውስን ዘጋው። ልጆቹ እንዲቀጠሩ ቃል ተገብቶ ነበር። ብዙዎቹ ግን ቀስ በቀስ ተገፍተው ወጡ። ከመግፊያዎቹ አንዱ ደግሞ ፈተና ነበር። ይቺን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

51 አዳራሽ፣ 1,520 ተፈታኝ

በጥር 1970 የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎችን የሚመዘግብ ብሔራዊ ተቋም ተመሠረተ። መቀመጫው ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ነው፤ ተፈታኞቹ ባጭሩ «ሬጂስትሪ» ይሉታል። በ1971 የመጀመሪያውን ፈተና በ51 ቦታዎች ለ1,520 የአምቡላንስ ሠራተኞች ሰጠ። እርሳስ፣ ወረቀት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ። ማትሪክ ማለት ነው። ዛሬ አብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት የዚህን ተቋም ፈተና ይጠይቃሉ።

የወረቀት ፈተና ግን ችግር አለው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገንም። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ አገር ሙሉ ፈተና ሲሰረዝ አይተናል። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ከሆነ፣ አንዱ ሲሰረቅ ሁሉም ተሰረቀ። ሌላው ችግር ብክነት ነው። ለጎበዙ ግማሹ ጥያቄ ተራ ነገር ነው፤ ለደካማው ደግሞ ግማሹ ግምት ነው። ስለ ሁለቱም ብዙም የሚነግረን ነገር የለም።

መፍትሔው በሦስት ሰዎች እጅ ተራ በተራ የተሠራ ነው። ሦስቱም አምቡላንስን አስበው አያውቁም።

የኔታ፣ ጥይትና ግማሽ

የመጀመሪያው አልፍሬድ ቢኔ ነው፤ ፓሪስ፣ 1905። ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች ለይቶ ለመርዳት ከሲሞን ጋር ሆኖ መለኪያ አዘጋጀ። ጥያቄዎቹን ከቀላል ወደ ከባድ ደረደራቸው፤ በ1908 ደግሞ በዕድሜ ከፈላቸው። ፈታኙ ልጁን ፊት ለፊት አስቀምጦ ለእሱ ይመጥናል ካለው ቦታ ይጀምራል። ልጁ ከመለሰ ወደ ላይ፣ ካቃተው ወደ ታች።

ይህ ለማን ነው አዲስ? የኔታ ሃያ ልጅ ሰብስበው አንድ ዓይነት ወረቀት ሲያድሉ ያየ አለ? አንዱን ልጅ «ቅረብ» ይሉታል። ፊደሉን ካወቀው አቡጊዳ ያስይዙታል፤ ከጠፋበት ይመልሱታል። ጎረቤቱ ዳዊት ላይ ቢሆን ለእሱ ምኑም አይደለም። የሚጠየቀው እሱ ያለበት ቦታ ነው። ልዩነቱ፣ የኔታ ዓመት ሙሉ ጊዜ አላቸው፤ ኮምፒውተሩ ያለው ሁለት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው አብርሃም ዋልድ ነው። በትውልድ አይሁዳዊ ነው፤ ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ በ1938 ወደ አሜሪካ ሸሸ። በ1943 ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለጦርነቱ የሚሠሩ የስታትስቲክስ ሰዎች አንድ ጥያቄ ገጠማቸው። ባሕር ኃይሉ ጥይት ጥሩ መሆኑን የሚያረጋግጠው በሺህ የሚቆጠር ተኩሶ ነበር። አንድ መኮንን ግን ልምድ ያለው ሰው ቢሆን ከጥቂት መቶ ተኩስ በኋላ ውጤቱን አውቆ ያስቆመው ነበር ሲል አነሳ። ሚልተን ፍሪድማን (በኋላ በኢኮኖሚክስ ኖቤል የወሰደው) እና አለን ዋሊስ ነገሩን ይዘው ወደ ዋልድ ሄዱ። ዋልድም የመኮንኑን ስሜት ወደ ሒሳብ ለወጠው፤ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ «እርግጠኛ ነኝ?» ብለህ ጠይቅ፤ ካልሆንክ ቀጥል፤ ከሆንክ አቁም። ጥይት ተረፈ። ዘዴው እስከ 1945 በምስጢር ተያዘ። ዋልድ ከአብዛኛው ቤተሰቡ በተለየ ከናዚዎች ቢተርፍም፣ በ1950 ሕንድ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ከባለቤቱ ጋር ሞተ።

ሦስተኛው ዴንማርካዊው ጌኦርግ ራሽ ነው፤ 1960። የሰውን ችሎታና የጥያቄን ክብደት በአንድ ሜትር መለካት እንደሚቻል አሳየ። ሰውየውና ጥያቄው እኩል ቁመት ካላቸው የመመለስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ጥያቄው ካጠረ ይመልሰዋል፣ ከረዘመ ይስተዋል። ስለ ሰውየው ብዙ የሚነግረን ጥያቄ እንግዲህ በቁመቱ ልክ የሆነው ነው። በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ፍሬድሪክ ሎርድ የተባለ ሰው ይህንኑ መንገድ ይዞ ለእያንዳንዱ ተፈታኝ በልኩ የሚሰፋ ፈተና ይቻላል ብሎ ሒሳቡን አወጣ። የቀረው ርካሽ ኮምፒውተር ነበር። እሱም መጣ። የአሜሪካ ነርሶች የፈቃድ ፈተና በ1994 ወደዚህ ዘዴ ተዛወረ። የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ደግሞ በጥር 2007 ተከተሉ።

መብራት አልሄደም

እንግዲህ ለአክስቴ የሰጠሁት መልስ ይኸውና።

ኮምፒውተሩ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ከመለሰች የሚከብድ፣ ከሳተች የሚቀል ያመጣል። ወደ ኋላ ተመልሶ መልስ ማረም የለም፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ጥያቄ የተመረጠው ባለፈው መልስ ነው። በእያንዳንዱ መልስ የልጅቷን ቁመት እንደገና ይገምታል። ማለፊያው መስመር ያው አንድ ነው፤ ለማንም ከፍ ዝቅ አይልም። ለኢኤምቲ ከ70 ጥያቄ በታች አይቆምም። ከዚያ በኋላ ግን ከመስመሩ በላይ ወይም በታች መሆኗን 95 ከመቶ እርግጠኛ በሆነበት ቅጽበት ያቆማል። እርግጠኛ ካልሆነ እስከ 120 ይጓዛል፤ የመጨረሻውን ግምቱን ይዞ ይፈርዳል። ከጥያቄዎቹ 10 ያህሉ ደግሞ ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ አይቆጠሩም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ተፈታኙ አያውቅም።

ስለዚህ 70 ላይ መቆም መውደቅም ማለፍም አይደለም። «አይቼ ጨርሻለሁ» ማለት ነው። አማርኛችን ለዚህ አንድ ቃል አለው፤ በቃ። ብቃት የምንለውም ከዚያው ቃል የወጣ ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ብቃትን ነው፤ ሲጨርስም የሚለው «በቃ» ነው። ለማን እንደበቃ ግን በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው የሚታወቀው።

ሌላም ነገር አለ። ሁሉም ከዚያ ክፍል ሲወጣ የወደቀ ይመስለዋል። ማሽኑ የሚፈልገው የምታውቀውንና የማታውቀውን የሚለየውን ድንበር ስለሆነ፣ ጎበዟም ደካማዋም ብዙ ጥያቄ ይስታሉ። ለእኛ ይህ ይከብደናል። 50 ከመቶ ለእኛ የሕይወት መስመር ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር እንዴት እንደደነገጠ ታስታውሳላችሁ። እዚያኛው ፈተና ላይ ግን ከጥያቄው ግማሽ ያህሉን ስቶ በኩራት የሚያልፍ አለ፤ የሳተው ከባድ ከባዱን ነዋ።

የማይለካው

ፈተናውን ለማሞገስ ብቻ አልተነሳሁም። ኮምፒውተር እጅ አያይም። ደም እያየች የማትርበተበት መሆኗን፣ እናት እየጮኸች ልጅን ማስተንፈስ መቻሏን፣ በሽተኛውን «አይዞህ» የምትልበትን ድምፅ አይለካም። ለፓራሜዲኮች ሬጂስትሪው ራሱ ይሰጠው የነበረው የእጅ ሥራ ፈተና በ2024 አጋማሽ ቀርቷል። የእጁ ሥራ በሥልጠናው ወቅት ይመዘናል፤ የኮምፒውተሩ ፈተና ደግሞ ውሳኔ አሰጣጥን የሚመዝኑ ጥያቄዎች ተጨምረውበታል። ትክክል ነው የሚሉም፣ አይደለም የሚሉም አሉ። እኔ ግን ማሰብ የማልተወው የፒትስበርግን ልጆች ነው።

አደራ ያልኳችሁ ነገር ይኸው ነው። እነዚያ ወጣቶች መንገድ ላይ ነፍስ አትርፈው አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ ወረቀት ቀረበላቸውና ብዙዎቹ ከበር ቀሩ። ከእነሱ አንዱ ጆን ሙን ጸንቶ ቆይቶ የከተማው የአምቡላንስ አገልግሎት ምክትል አዛዥ እስከመሆን ደረሰ። ለስንቱ ግን ያ በር ተዘጋ? ፈተና የወደቀውን ሰው ወክሎ የሚጠይቅ ከሆነ ቅዱስ ሥራ ነው። ወንበር የያዘውን ሰው ወክሎ የሚጠይቅ ከሆነ ግን አጥር ነው። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው። ለማን ሲባል እንደተዘጋጀ ነው የሚለያየው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ይህ ጥያቄ ለእኛም ነው። ክብረት አበበ የጥቁር አንበሳ ማደንዘዣ ባለሙያ ሳለ ቤቱን ሸጦ በ2008 ጠብታ አምቡላንስን ሲጀምር፣ በዚህች ከተማ ብዙ በሽተኛ ሆስፒታል የሚደርሰው በታክሲ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥት በየወረዳው አምቡላንስ አከፋፍሏል፤ በተለይ ለወላድ እናቶች። መኪናው መጣ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአሜሪካኖቹ ታሪክ የሚያስተምረን ግን ከመኪናው ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ምን ያውቃል? መኪና እማ ቀብር አስፈጻሚዎቹም ነበራቸው።

እኛ ከፈተና የተረፈን «ስንተኛ ወጣሽ?» የሚል ጥያቄ ነው። ወንበር ጥቂት፣ ሰው ብዙ ስለሆነ ፈተናችን ወንፊት ሆኖ ኖረ። ሲኦሲ እንኳ በስሙ የብቃት ማረጋገጫ ቢሆንም ስናወራው እንደ ወንፊት ነው። የነፍስ አድን ሠራተኛ ግን አንደኛ መውጣት የለባትም። መብቃት ነው ያለባት። መቶው ከበቁ መቶው ይለፉ፤ አንድም ካልበቃ አንድም አይለፍ።

የአክስቴ ልጅስ?

ወደቀች።

70 ላይ የቆመው ከመስመሩ በታች መሆኗን እርግጠኛ ሆኖ ነበር። የተላከላት ወረቀት የት የት ላይ እንደደከመች ይዘረዝራል፤ ልብና ወሊድ። ሁለት ቀን አለቀሰች። አክስቴ ከገብርኤል ጋር ትንሽ ተኳረፉ። ድጋሚ ለመፈተን 15 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ እሷ ሁለት ወር ጠበቀች። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ስለ ልብና ስለ ወሊድ አነበበች።

በሁለተኛው 94ኛው ላይ ቆመ። በማግስቱ ደወለች። በዚህኛውም እንዳለፈች አላወቀችም ነበር፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው የባሰ የከበዳት ይሄኛው ነው።

አሁን አምቡላንስ ላይ ትሠራለች። ባለፈው ሳወራት በመጀመሪያው ቀን ስለመውደቋ ይቆጫት እንደሆነ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም ብላ «በሦስተኛው ሳምንቴ አንዲት ሴት እያማጠች ደረስንላት፤ መንገድ ላይ ነው የወለደችው» አለችኝ። ከዚያ ወሬ ቀየረች።

አክስቴ ጥላውን ቁልቢ አስገብተዋል።

ቸር እንሰንብት።